በአፍም በስልክም የሄደው የራሕመት ሂና

ወጣ! አልሐምዱሊላህ፣ ወጣ! ዛሬ ዙህር ሳይሰገድ፣ ገና ከላስቲኩ ያልተላቀቀ፣ ስሙ ሳይሳሳት የተጻፈ ኢቃማ እዚህ ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር ገባ! ጎረቤት ተፈርቶ ነው እንጂ የዚያች የሦስተኛ ፎቅ ክፍል ጣሪያ በእልልታ በተነሳ ነበር። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው አፍነው ነው እልል ያሉት። የታፈነ እልልታ ሰምቶ የማያውቅ ሰው፣ ክዳኑን እየገፋ የሚፍለቀለቅ ድስት ያስብ።

የማን መኖሪያ ፈቃድ ነው ለምትሉ፣ የራሕመት ነው! የሂና ሠሪዋ የራሕመት! ሰዉ ሁሉ በር ዘግቶ በተቀመጠበት፣ የፖሊስ መኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር መብራት በሚጠፋበት በዚህ ሰሞን፣ እንዲህ ያለ ወሬ በሆድ ይዞ መቀመጥ ኃጢአት ነው። ስለዚህ እኔ ወዳጃቸው ከሥሩ ልጀምረው።

ራሕመት የሐይቅ ልጅ ናት፣ ወሎ። ዕድሜዋ አርባን ዘለል ብሏል። ቁመቷ መለል ያለ፣ አረማመዷ እንቅልፍ የያዘው ሕፃን እንዳይነቃ የምትጠነቀቅ ሰው ዓይነት ነው። ጅዳ የመጣችው በኮንትራት፣ በሕጋዊ ቪዛ ነው። የመጀመሪያው ቤት ደግ ነበር፤ ሰዎቹ ከተማ ሲቀይሩ ለሌላ ማዳም አስተላለፏት። ሁለተኛው ቤት ግን እንቅልፍም ፈቃድም የሌለበት ሆነባትና አንድ ቀን ቆሻሻ ልጣል ብላ ወጥታ አልተመለሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢቃማዋ ጊዜው ያለፈበት ካርድ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰቢል ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ክፍል ተጋርታ ሦስት ዓመት ኖረች።

የኖረችው በእጇ ነው። እንደ ጥሩምባ በተጠቀለለች ላስቲክ ውስጥ የተቦካ ሂና ትሞላለች፤ ጫፏን በጥርሷ ትበጥሳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ዝም ብሎ ማየት ነው። ሐረግ ከእጅ አንጓ ተነስቶ፣ ቅጠል እያወጣ፣ ጣት ለጣት ወጥቶ ጥፍር ሥር ሲደርስ ያብባል። መስመሩ አይቆረጥም፣ አይወፍርም፣ አይሳሳም።

ገበያዋስ? ገበያዋ አፍ ነበር። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ሠርታ ስትጨርስ፣ የሙሽራዋን እናት ቀኝ እጅ ትይዝና ትንሿን ጣት ብቻ አስጊጣ ትለቃታለች። በነፃ፣ ምርቃት ነው። እህል ነጋዴ ሰፍሮ ጨርሶ ጭብጥ እንደሚጨምረው ማለት ነው።

«ለምን ሙሉ እጅ አትሠሪላቸውም? ስስታም!» ይሏት ነበር አብረዋት የሚኖሩት።

«ሙሉ እጅ ያየ ሰው ያደንቅና ያልፋል» ትላለች። «አንዲት ጣት ብቻ ያየ ግን ‹ይሄ ምንድነው?› ብሎ ይጠይቃል። የጠየቀ ሰው ደግሞ ግማሽ ደንበኛ ነው።»

እውነቷን ነው። የአንዲት እናት ትንሽ ጣት በአንድ ሰርግ ውስጥ ስንት ሰው እንደምታነጋግር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰርጉ ሳያልቅ የራሕመት ቁጥር በሦስት በአራት ሴት ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው የምሕረት ጊዜው የታወጀው። ወረቀት የሌለው ሰው እስከ ሂጅራው ዓመት ማለቂያ ድረስ ወይ ያስተካክል፣ ወይ ይውጣ ተባለ። ለራሕመት ይህ የሰማይ በር ነበር፤ አዲስ ከፊል፣ ማለትም በስሙ የሚያስመዘግባት ዋስ አሠሪ ካገኘች፣ የድሮዋ ማዳም ሳትፈርምም ልትዛወር ትችላለች። በግዳዲያ በሚባለው የጅዳ ሰፈር የሴቶች ውበት ሳሎን ያላት ኡሙ ነቢል የምትባል ሳዑዲያዊት ነበረች። ራሕመትን በሥራዋ ታውቃታለች። ለሳሎኗ አንድ ሠራተኛ የማዛወር ፈቃድ ቀርቷታል፤ ይህችን አንዲት ቦታ ግን የሚፈልጓት ብዙ ናቸው።

«እጅሽን ወድጄዋለሁ» አለቻት ኡሙ ነቢል። «ግን እኔ ነጋዴ ነኝ፣ በጎ አድራጊ አይደለሁም። የምሕረቱ ጊዜ ሳያልቅ እስካለው የመጨረሻ ሐሙስ ድረስ አስር አዲስ ሙሽራ ወደ ሳሎኔ አምጪልኝ። ካመጣሽ ወረቀትሽን ልጄ ነቢል ይዞ ኢሚግሬሽን ይሄዳል። ካላመጣሽ ቦታው የሌላ ሰው ነው፤ አትቀየሚኝ።»

አስር ሙሽራ። ካልሆነ አገር ቤት፣ ያውም በእስር ቤት በኩል።

ያን ዕለት ማታ ክፍሏ ውስጥ የተነሳው ክርክር ነው እንግዲህ የዚህ ታሪክ ጓዳ። መዲና የምትባል አብራት የምትኖር ሴት አለች፤ ወረቀት ያላት፣ በቀን ሰው ቤት እያጸዳች የምትገባ፣ ሠላሳ አምስት ዓመቷ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኳን ከእጇ የማትለይ።

«ራሕመትዬ፣ በአንድ ሰርግ አንዲት ጣት እያልሽ አስር ሙሽራ የምትሞዪው ቂያማ ሲቆም ነው» አለች መዲና። «ፎቶ እናንሳ። በዋትሳፕ እንበትነው። የሴቶች ግሩፕ ብቻ ስድስት አለኝ።»

«ላም አለኝ በሰማይ ነው የናንተ ነገር። ማን እንዳየው አይታወቅ፣ የት እንደገባ አይታወቅ።»

«ጥሩነቱ እሱ አይደል እንዴ! አንቺ ኬላ አታልፊም። ፎቶ ኬላ ያልፋል፤ ኢቃማ አምጣ የሚለው የለም።»

«ሰው እጄን ይዞ፣ ዓይኔን አይቶ ነው የሚያምነኝ።»

«መጀመሪያ ይወቅሻ! ከዚያ ዓይንሽንም ጥርስሽንም ይይ!»

ራሕመት ሳቀች። ሐጁ እስኪያልፍ በራሷ መንገድ ሞከረች። ያቺን ትንሽ ጣት እየሠራች አምስት ሙሽራ አመጣች፤ ከአምስት በላይ ግን አልሄደ አለ። የሰዉ ወሬ ሁሉ መባረር ሆነ። በእግሯ ዞራ ሰርግ ቤት እንዳትገባ መንገዱ ፍርሃት ሆነ። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት «እሺ፣ ያንቺን ስልክ አምጪው» አለች።

በዚያው ሳምንት ከመካ፣ ኩዳይ ከሚባለው ሰፈር፣ አሚራ የምትባል ሙሽራ ሳሎን መጣች። አባቷ ሐጃጅ የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ያሉት ሰው ነው። የሰርጓን ሂና ለመምረጥ ቀኝ እጇን ለሙከራ አሠራች። ራሕመት በዚያ እጅ ላይ የዕድሜ ልክ ችሎታዋን አፈሰሰችው። መዲና ከሥራ መልስ ደርሳ ነበርና «አንዴ፣ እጇን ብቻ!» ብላ አሚራን ለመነቻት። አሚራ ሳቅ እያለች እሺ አለች። ከነቀለበቷ፣ ከነሰማያዊ ፈርጧ፣ ቀጭ!

ራሕመትም መዲናም ፊት ካልታየ ምን ችግር አለው ብለው ነው። ባገራቸው እጅ የሚሸፈን ነገር አይደለም፤ እጅ እጅ ነው፣ ሊጥ ያቦካል፣ ውሃ ይቀዳል። የሙሽራ እጅ እዚህ ምን እንደሆነ አላሰቡም። ፈርጧንም ያዩዋት ለፎቶው ድምቀት ብለው ነው።

ፎቶው በሁለት ቀን ውስጥ የራሕመት አፍ በሦስት ዓመት ያልደረሰበት ደረሰ። የመዲና ስልክ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሙሽራ ቀጠሮ ያዘ። «አየሽ? አየሽ የሰማይ ላሟን? ወተቷን ጠጪ እንግዲህ!» እያለች መዲና ክፍሉ ውስጥ ትሽከረከራለች።

በሦስተኛው ቀን ፎቶው እየዞረ እየዞረ የአሚራ እጮኛ ወንድም ስልክ ላይ አረፈ። የቀለበቱን ፈርጥ ከሙሽራው ጋር አብሮ የገዛው እሱ ነበርና ወዲያው አወቀው። ሙሽራው ራሱ ያላየውን እጅ ወንድሙና የወንድሙ ጓደኞች አዩት። የሙሽራው እህት ወደ ኩዳይ ደወለች፤ ከዚያም ኩዳይ ወደ በግዳዲያ ደወለ።

ኡሙ ነቢል ራሕመትን ስትጠራት አልጮኸችም። አለመጮኋ ነው የከፋው። የዝውውሩን ወረቀት ከጠረጴዛ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ኻላስ፣ አለቀ» አለች። «ቀጠሮ የያዙት ሙሽሮች ሁሉ ለመቅረት እየደወሉ ነው፤ ‹እኛንም ታነሳናለች› እያሉ። የዚያች ልጅ ቤት በራሱ አንደበት ይቅር ካላለሽ፣ ይህ ወረቀት ከዚህ መሳቢያ አይወጣም። እኔ ሃያ ዓመት የሠራሁት ስም ነው።»

ቀሪው ጊዜ አስራ አንድ ቀን ነበር።

መዲና ያን ዕለት አለቀሰች። «አጠፋሁት፣ ወላሂ አጠፋሁት!» እያለች ስልኳን ታሳያለች።

«ከስንቱ ስልክ?» አለቻት ራሕመት ቀስ ብላ። መዲና እንባዋን ጠርጋ «በድምፅ ይቅርታ እንላክላቸው? በዐረብኛ አሳምሬ…» አለች።

«ተይ እቴ! ይቅርታ በስልክ? ጥፋት በስልክ ሊሄድ ይችላል፤ ይቅርታ ግን በእግር ነው የሚሄደው። የሰው ፊት እሳት ነው፤ እሳቱ ውስጥ ገብቼ ልየው።»

እዚህ ላይ ነው ካሴ የሚገባው። ካሴ የራሕመት ያገሯ ልጅ፣ ወረቀቱ የተሟላ፣ ከኩዳይ ሆቴሎች አንሶላ ሰብስቦ ጅዳ አሳጥቦ የሚመልስ ሾፌር ነው። መንገድ ላይ ያሉትን ኬላዎች ስሙን እንደሚያውቅ ያውቃቸዋል። ራሕመትን ከታጠበ አንሶላ ጥቅል መሃል አስተኛትና ሳሙና እየሸተታት፣ የቁርአኑን አየተል ኩርሲ እየቀራች መካ ገባች። ከመኪናው ስትወርድ ካሴ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ «እንደ አንሶላ ተተኩሰሽ መጣሽ!» አላት።

ኩዳይ እንደሚታወቀው የሚፈርስና የሚሠራ ነገር አይጠፋበትም። ራሕመት ከአሚራ ቤት ማዶ ካለ ፍርስራሽ ውስጥ ግማሽ ብሎኬት መርጣ አነሳች። ካሴ ገባውና ዓይኑ ፈጠጠ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ አንገቴ ላይ አድርጌ እገባለሁ። ባገራችን በደለኛ እንዴት ነው የሚታረቀው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዐረብ ይሄ ምን ይገባዋል? ልትፈነክቻቸው የመጣሽ ነው የሚመስላቸው!»

«እነሱ ባይገባቸው ለኔ ይገባኛል። ሌላ መታረቂያ አላውቅም።»

ብሎኬቱን ማጅራቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛ ገባች። በረኛው ግብፃዊ ሽማግሌ ሲያያት «ጥገናው አራተኛ ፎቅ ነው፣ በኋላ በር ግቢ» አላት። ራሕመት ደረጃውን ወጣች። ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ አንገቷ ተቃጥሏል፣ የብሎኬቱ አቧራ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። በሩን በክርኗ አንኳኳች።

የከፈተችው አሮጊት ናት። ነጭ የስግደት ሸርሸፍ ለብሳለች፤ ሰባውን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ግን ንቁ። የአሚራ አያት ሐጃ ሲቲ ነች። ራሕመትን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። ድንጋዩን አየች። ረጅም ጊዜ ድንጋዩን ብቻ አየች። ከዚያ ከአፏ ዝገት የያዘ፣ ግን ጥርት ያለ የወሎ አማርኛ ወጣ።

«አውርጅው… አውርጅው ልጄ፣ አውርጅው!»

ራሕመት በድንጋጤ ብሎኬቱን እግሯ ላይ ልትጥለው ምንም አልቀራት።

«እማማ… አበሻ ነዎት እንዴ?»

«የቦረና ልጅ ነኝ፣ የወሎው ቦረና። ለሐጅ ብለን በምፅዋ ተሻግረን ባሌም እዚሁ አረፈ፣ እኔም እዚሁ ቀረሁ። ይህንን ድንጋይ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አባቴ ከወንድሙ ሲታረቅ ነው። ሃምሳ ዓመት! ሃምሳ ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ስንቱ በድሎኝ አንድ ሰው ድንጋይ ይዞልኝ አያውቅም!» ሐጃ ሲቲ ስቃ ሳትጨርስ እንባዋ ወረደ፤ እንባዋን ሳትጠርግ ደግሞ ተቆጣች። «ግን ጥፋትሽን አላቀለልኩልሽም! የልጄን ልጅ እጅ የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ጠግቦ አይቶታል!»

«ጥፋቴ ነው።»

«ማን ነው ያነሳው?»

«እኔ ነኝ» አለች ራሕመት፣ መዲናን ላለማስነካት።

«የታለ ስልክሽ?»

ራሕመት ከደረቷ አወጣች። ቁልፏ የተፋቀ፣ ካሜራ የሚባል ነገር ያልተፈጠረባት ደቃቃ ስልክ። ሐጃ ሲቲ አገላብጣ አየቻት።

«በዚህች ነው ያነሳሽው? በጀርባዋ ነው በሆዷ?»

ከውስጥ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። አሚራ ናት፤ አኩርፋ ከመጋረጃ ኋላ ቆማ ትሰማ ኖሯል። አማርኛው ባይገባትም ስልኳ ገብቷታል።

ገባች፣ ውሃ ተሰጣት፣ አንገቷን በረዶ አስያዟት። ድንጋዩ በሩ ላይ ቀረ፤ በረኛው መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ ሰው ይረግጠው ነበር። ሐጃ ሲቲ የራሕመትን እጅ ይዛ የጠቆረውን አውራ ጣቷን ዳሰሰችው።

«ማን አስተማረሽ?»

«አክስቴ። የሰው እጅ ሳልነካ አንድ ዓመት ሙሉ በእንቁላል ላይ ነው ያለማመደችኝ። በክብ ነገር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካወጣሽ፣ የሰው እጅ ለጥ ያለ ሜዳ ነው ትለኝ ነበር።»

«እንቁላል ላይ? እስቲ ልየው። አሚራ! በይዷ!» ብላ በዐረብኛ ተጣራች። አሚራ ከፍሪጅ አንድ እንቁላል አምጥታ፣ እያኮረፈችም እየጓጓችም አስቀመጠችው። ራሕመት ላስቲኳን አወጣች። ያቺ እንቁላል መዳፏ ላይ ስትዞር፣ ሐረጉም አብሮ ዞረ፤ መነሻው የት እንደሆነ፣ መድረሻው የት እንደሆነ ሳይታወቅ ተገናኘ። አሚራ ኩርፊያዋን ረሳች። ስልኳን አወጣች፣ እንቁላሏን አነሳች፣ ለሙሽራው እህት ላከች። ምን ብላ እንደጻፈች ለአያቷ አነበበችላት፣ አያቷ ለራሕመት ተረጎመችላት፤ «ይህችኛዋ ሙሽራ የሚያፍርባት ወንድም የላትም፤ ላኪያት የፈለግሽበት።»

ከአምስት ደቂቃ በኋላ የመጣው መልስ የሳቅ መዓት ነበር። ያን ሳምንት ሁለቱን ቤት የጠበሰው እሳት እንዲህ በአንዲት እንቁላል በረደ። አላህ ማድረግ ሲፈልግ ምክንያቱ አይጠፋውም።

ሐጃ ሲቲ ራሕመት ሳትወጣ ስልክ አስደውላ ኡሙ ነቢልን አገኘቻት። «ይቅር ብለናል» አለች። «አንቺ ሴትዮ ግን ስሚኝ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ ሠራተኛ አግኝተሽ በመሳቢያ ውስጥ ከቆለፍሽ፣ ከሳሪዋ አንቺ ነሽ።»

ማታ ራሕመት በካሴ መኪና ሰቢል ስትገባ መዲና በር ላይ ጠበቀቻት። ሁሉን ሰማች። ሲጨርሱ ብድግ ብላ ታች ወዳለው የኑሩ ሱቅ ወርዳ ሠላሳ እንቁላል ከነትሪው ይዛ ወጣች።

«ሠላሳውንም ሥሪ» አለች። «እኔ ደግሞ እጅ የሚባል ነገር ካነሳሁ እጄ ይቆረጥ።»

ራሕመት የየመኑን ሐረግ፣ የሱዳኑን ጥቁር አበባ፣ የሐበሻውን ነጠብጣብ፣ ሁሉንም በየእንቁላሉ ላይ አስቀመጠችው፤ እያንዳንዱም ቁጥር ተሰጠው። ደንበኛዋ «ቁጥር አስራ ሰባትን» ብላ ትመርጣለች። ማንም እጅ አልታየ፣ ማንም አላፈረ፣ ሂናው የቀረው ቅርፊቱ ላይ ነውና እህልም አልባከነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የራሕመት እንቁላል ግን እግር አላስፈለገውም፣ በዋትሳፕ ጣኢፍ ከተማ ደረሰ። ፎቶ የተነሳው ሁሉ ይቀቀላል። ሳምንቱን ሙሉ ቁርስ እንቁላል፣ ምሳ እንቁላል ሆነ።

ሙሽሮች ወደ ሳሎን መምጣት ጀመሩ። ኡሙ ነቢል ነጋዴ ናትና እያንዳንዷን «በማን ሰማሽ?» ትላት ነበር። ራሕመትና መዲናም ማታ ማታ በዚሁ ይሟገታሉ።

«ዛሬ ስንቱ በስልክ ነው?» ትላለች መዲና።

«በስልክ የጠየቀ ሃያ፣ የመጣ ሦስት። ‹ስንት ነው?› ይልና ይጠፋል ያንቺ ሰው። የኔ ሰው ግን ተጠራጥሮ አይመጣም፤ እጁን ዘርግቶ ነው በር የሚገባው።»

«ሦስቱስ ከየት ይመጡልሽ ነበር? ጣኢፍ ድረስ በአንዲት ጣት ልትሄጂ?»

እውነት ለመናገር ክርክሩ ያላለቀላቸው ለዚህ ነው። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ እንቁላሏን ስልካቸው ላይ ከፍተው፣ በሌላ እጃቸው ደግሞ «የሐጃ ሲቲ ባለ ድንጋይ አንቺ ነሽ?» እያሉ የሚገቡ ናቸው። ሐጃ ሲቲ የድንጋዩን ነገር በኩዳይ ያልነገረችው ሴት የለችም። ሥራዋን ያሳየው ስልኩ ነው፣ ማንነቷን የተናገረው አሮጊቷ ናት። አንደኛው ባይኖር ሌላኛው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆም ነበር። ራሕመት በልቧ ይህንን ታውቃለች፤ ለመዲና ግን በቀላሉ አትናገርም፣ እንዳትኮራባት።

የመጨረሻው ሐሙስ ሲመጣ ሙሽሮቹ አስራ ሦስት ሆኑ። ኡሙ ነቢል መሳቢያዋን ከፈተች። ነቢል ወረቀቱን ይዞ ሄደ። እሑድ የምሕረት ጊዜው አለቀ። ሰኞ ጠዋት አሰሳው ተጀመረ።

ወረቀቷ ገብቷል፣ ካርዷ ግን አልወጣም። መንገድ ላይ የሚይዝ ፖሊስ ደግሞ ካርድ እንጂ ተስፋ አያይም። ራሕመት ቤት ዋለች፣ ቤት አደረች። ሰቢል እንደዚያ ጭር ብሎ አያውቅም፤ የሻይ ቤቱ ወንበሮች ግድግዳ ተደግፈው፣ የቀን ሠራተኞቹ የሚቆሙበት ማዕዘን ባዶ።

ከክፍሉ ሴቶች መካከል ሚስራ በባሕር የመጣች፣ ቪዛ ኖሯት የማያውቅ ናት፤ ማስተካከል አይመለከታትም። ተይዤ ከምሄድ እጄን ሰጥቼ ልሂድ ብላ ወሰነች። በሄደችበት ዋዜማ ሁለቱንም እጇን ለራሕመት ዘረጋች። «እናቴ ደጅ ባዶ እጄን አልገባም» አለች። ራሕመት ከአንጓዋ እስከ ጥፍሯ ሞላችላት። ያ ሂና በዕድሜዋ ከሠራቻቸው ሁሉ የማያንስ ነው። ሚስራ አገር ቤት፣ ሐርቡ፣ በሰላም መግባቷን ትናንት ሰምተናል፤ ሂናው ገና አልለቀቀም አለች።

በእነዚያ ቀናት ራሕመት ባትወጣም ሥራዋ ይወጣ ነበር። መዲና ማታ ስትመጣ መልእክቱን ታነብላታለች፤ «ቁጥር ሦስትን የመረጠችው ትጠብቅሻለች፣ ቁጥር ዘጠኝን የመረጠችው እስክትመጪ ትታገሳለች።» ሐጃ ሲቲ ደግሞ በየቀኑ ከዐስር ሰላት በኋላ በደቃቃዋ ስልክ ትደውላለች፤ «ልጄ፣ በልተሻል? ዱዓ አድርጌልሻለሁ» ብላ ትዘጋለች። ራሕመት እንዲህ ትል ነበር፤ «አንዱ ሥራ ይዞልኝ ያድራል፣ አንዱ ልቤን ይዞልኝ ይውላል። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ?»

ዛሬ ረፋዱ ላይ በሩ በኃይል ተንኳኳ። ሁሉም እንደ ድንጋይ ደረቁ። የማን እግር እንደሆነ ያልታወቀ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እንደገና ተንኳኳ።

«ነቢል ነኝ! እናቴ ልካኝ ነው! ያላ፣ ክፈቱ፣ መኪናው መንገድ ዘግቷል!»

መዲና ከፈተች። ነቢል ዓይኑን ሰብሮ ካርዱን በበሩ ስንጥቅ ሰጣት። ራሕመት ተቀበለች፣ አየች፣ ስሟን በጣቷ ፊደል በፊደል ተከተለች። ወደ ቂብላ ዞራ እንደቆመች ወደ ሱጁድ ወረደች። ስትነሳ ግንባሯ ላይ የምንጣፉ ቀይ ጭረት ተለጥፎ ነበር። መዲና ያን ስታይ ነው እልልታው የመጣባትና ሻሿን አፏ ውስጥ የከተተችው።

ከዚያ ራሕመት አባያዋን ለበሰች። ላስቲኳን ያዘች። ደረጃውን ወረደች፤ በቀን፣ በፀሐይ፣ በዋናው በር! ታች መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ኡሙ ነቢል ተቀምጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋለች።

«ያላ፣ ያላ! ሦስት ሙሽራ ጣታቸውን ዘርግተው ይጠብቁሻል! ማልቀሱን መንገድ ላይ ትጨርሺዋለሽ!»

መኪናው ማዕዘኑ ጋ የቆሙትን ፖሊሶች አልፎ ሄደ። ራሕመት ካርዱን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ይዛው ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ካሴ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም! ከፈጅር ጀምሮ ስልኩን ዘግቷል፤ ኬላ ላይ ሲሆን ይዘጋዋል። መዲና ስድስት ጊዜ ደወለችለት፣ በዋትሳፕም ጻፈችለት፣ አንድም አልደረሰውም። አሁን አንሶላውን አራግፎ ማጠቢያ ቤቱ ደጅ የሚቆምበት ሰዓት ነው። ካመለጠኝ ተመልሶ ኩዳይ ይገባል። በሉ፣ ጫማዬን ላድርግና በእግሬ ልሩጥ፤ ይህን ወሬ ማንም ሳይቀድመኝ እኔ ነኝ የምነግረው!